ሬዚስተር የሚቀንሰው ቮልቴጁን ነው ወይስ ከረንቱን?

«ሬዚስተር ቮልቴጅ ይቀንሳል» የሚለው አባባል ብዙ ሰው ያሳስታል። ሬዚስተር፣ ማለትም ከረንትን (የኤሌክትሪክ ፍሰትን) የሚገድበው ዕቃ፣ ቋሚ የሆነ የቮልት ቅናሽ የለውም፤ እሱ ላይ የሚቀረው ቮልት የሚያልፍበትን ከረንት ተከትሎ ይለዋወጣል። ስሌቱ ከረንት (በአምፔር) ሲባዛ በኦም (በሬዚስተሩ የመቋቋም መጠን) ነው።

መንዝ ውስጥ ቤቱን በሶላር የሚያበራ ሰው ከ12 ቮልት ባትሪው ላይ አንዲት ነጭ ኤልኢዲ (ትንሽ መብራት) ይቀጥል እንበል። ኤልኢዲዋ 3 ቮልት ገደማ ትይዛለች፤ የቀረው 9 ቮልት ሬዚስተሩ ላይ ያርፋል። 20 ሚሊአምፔር (0.02 አምፔር) እንዲያልፍ 9 ለ0.02 ሲካፈል 450 ኦም ይመጣል፤ በቀላሉ የሚገኘው 470 ነው፣ መጠኑን የሚያሳዩት የቀለም ቀለበቶቹ ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ ቡናማ ናቸው። ሩብ ዋት የሚችል ሬዚስተር ይበቃል እንዳትሉ! ፀሐይ በርትታ ባትሪው ሲሞላ እስከ 14.4 ቮልት ይወጣል፤ ያኔ ሬዚስተሩ 0.28 ዋት ገደማ ስለሚሸከም ይግላል፣ ውሎ አድሮም ሊያርር ይችላል። ግማሽ ዋት ግዙ።

ኤልኢዲዋን ነቅላችሁ ከሬዚስተሩ ወዲያ ያለውን ጫፍ በመልቲሜትር (በቮልት መለኪያ) ብትለኩ ግን ሙሉውን 12 ቮልት ታያላችሁ። ሬዚስተሩ አልተበላሸም፤ ከረንት ካላለፈ ቅናሽም የለም። ስልክን በሬዚስተር ብቻ ከ12 ቮልት መሙላት አደገኛ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፦ ስልኩ የሚስበው ከረንት ባነሰ ቁጥር የሚደርሰው ቮልት ከ5 አልፎ ይወጣል። ለዚያ 5 ቮልት አስተካክሎ የሚያወጣ ኮንቨርተር ያስፈልጋል።