የኬኔዲ ግድያ እና ስድሳ ዓመት ያልበረዱት የሴራ ትንታኔዎች

ኅዳር 12 ቀን 1956 ዓ.ም.፣ በአገራችን የቅዱስ ሚካኤል ዓመታዊ በዓል በተከበረበት ዕለት፣ 35ኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲ በቴክሳስ ግዛት በዳላስ ከተማ ጣሪያው በተነሣ ሊሞዚን ከባለቤታቸው ከዣክሊን ጎን ተቀምጠው ለሕዝቡ እጃቸውን እያውለበለቡ ሳለ በጥይት ተመትተው ሞቱ። ቀኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 22 ቀን 1963 ነበር፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው። የአሜሪካ መንግሥት ግድያውን ሊ ሃርቪ ኦስዋልድ የተባለ የ24 ዓመት ወጣት ብቻውን እንደፈጸመው በይፋ ካስታወቀ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሆኖም ጋሉፕ በ2023 ባካሄደው የአስተያየት ጥናት ከተጠየቁት አሜሪካውያን 65 በመቶ የሚሆኑት ከግድያው ጀርባ ሌሎች ሰዎች እንደነበሩ እንደሚያምኑ ተናግረዋል፤ በ1976 ቁጥሩ 81 በመቶ ደርሶ ነበር። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ላይ ጥርጣሬው የጥቂቶች አይደለም፤ የብዙኃኑ እምነት ነው። እንዴት እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት የተተኮሱትን ጥይቶች ከመቁጠር ይልቅ ከግድያው በኋላ ምን እንደተነገረና ምን እንደተደበቀ መከታተል ይበልጥ ይጠቅማል።

የዕለቱ ድርጊት በአጭሩ የሚከተለው ነው። የፕሬዚዳንቱ አጀብ እኩለ ቀን ካለፈ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዲሊ ፕላዛ የተባለውን አደባባይ አቋርጦ ወደ ኤልም ጎዳና እንደታጠፈ ተኩስ ተሰማ። ኬኔዲ መጀመሪያ ከአንገታቸው ግርጌ፣ ቀጥሎም ጭንቅላታቸው ላይ ተመቱ፤ ከፊታቸው የተቀመጡት የቴክሳስ አገረ ገዥ ጆን ኮናሊም ክፉኛ ቆሰሉ። ፕሬዚዳንቱ ፓርክላንድ ሆስፒታል ደርሰው ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ መሞታቸው ተነገረ። በአደባባዩ ዳር ከሚገኘው የመማሪያ መጻሕፍት መጋዘን ስድስተኛ ፎቅ ላይ ሦስት ቀለሆችና ጣሊያን ሠራሽ የሆነ ማንሊከር ካርካኖ ጠመንጃ ተገኙ። ጠመንጃው በሐሰት ስም በፖስታ ታዝዞ የተገዛ ሲሆን፣ ገዢው የመጋዘኑ ሠራተኛ ኦስዋልድ መሆኑን መርማሪዎች ከእጅ ጽሑፉ አረጋገጡ። ኦስዋልድ ከተኩሱ በኋላ ሕንፃውን ለቅቆ ወጣ፤ ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ጄ ዲ ቲፒት የተባለ የፖሊስ ባልደረባ መንገድ ላይ በጥይት ተገደለ፤ ኦስዋልድም ሲኒማ ቤት ውስጥ ተያዘ። ለጋዜጠኞች የተናገረው ግን መጠቀሚያ ተደርጌያለሁ የሚል ነበር።

የኦስዋልድ የሕይወት ታሪክ ራሱ ለጥርጣሬ የተመቸ ነው። የቀድሞ የባሕር ኃይል እግረኛ ወታደር ሲሆን፣ በ1959 ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄዶ ዜግነቱን ለመተው ጠይቋል፤ ሚንስክ ውስጥ ሠርቷል፤ ማሪና የተባለች ሴት አግብቶ በ1962 ወደ አሜሪካ ተመልሷል። በ1963 በጋ ኒው ኦርሊንስ ውስጥ የኩባውን መሪ የፊደል ካስትሮን መንግሥት የሚደግፍ በራሪ ወረቀት ሲያድል ከኩባ ስደተኞች ጋር ተጋጭቶ ታስሯል፤ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር መጨረሻ ወደ ሜክሲኮ ሲቲ ተጉዞ የኩባንና የሶቪየት ቆንስላዎችን ደጅ ጠንቷል። በቀዝቃዛው ጦርነት እኩሌታ ይህን ሁሉ ያደረገ ሰው ያለማንም ዕውቅናና ክትትል ብቻውን ይንቀሳቀስ ነበር ብሎ ማመን ያኔም ከባድ ነበር፣ ዛሬም ከባድ ነው።

ከሁሉ የከፋው የሆነው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ኖቬምበር 24 ቀን ፖሊስ ኦስዋልድን ወደ ሌላ እስር ቤት ለማዛወር በዳላስ ፖሊስ መሥሪያ ቤት ምድር ቤት ሲያወጣው፣ ጃክ ሩቢ የተባለ የምሽት ክበብ ባለቤት ከጋዜጠኞች መካከል ወጥቶ በቀጥታ የቴሌቪዥን ስርጭት ላይ ተኩሶ ገደለው። በችሎት ቆሞ መጠየቅ የነበረበት ብቸኛው ሰው በዚህ መንገድ ጸጥ አለ። ሩቢ በበኩሉ የሞት ፍርድ ተፈርዶበት ፍርዱ በይግባኝ ከተሻረለት በኋላ፣ አዲሱ ችሎት ሳይጀመር ጃንዋሪ 1967 በሕመም ሞተ። በእኔ ግምት ከዚያ በኋላ የመጡት ትንታኔዎች በሙሉ መነሻቸው ይህ የፍርድ ሂደት ሳይካሄድ መቅረቱ ነው፤ ማስረጃው በመስቀለኛ ጥያቄ ተፈትኖ አያውቅምና።

ኦስዋልድ በተገደለ በማግሥቱ በዋሽንግተን የኬኔዲ የቀብር ሥነ ሥርዓት ተፈጸመ። ከስምንት ሳምንት በፊት በዚያችው ከተማ የኬኔዲ እንግዳ የነበሩት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ከሻርል ደ ጎል ጋር በፊተኛው ረድፍ ከአስከሬኑ ኋላ በእግር ሲጓዙ የሚያሳየው ምስል በዓለም ዙሪያ ታይቷል። በዚያው በቀብሩ ዕለት የአሜሪካ ምክትል ዐቃቤ ሕግ ኒኮላስ ካትዘንባክ ለዋይት ሐውስ በጻፉት ማስታወሻ፣ ሕዝቡ ገዳዩ ኦስዋልድ መሆኑንና በነጻ የሚንቀሳቀሱ ተባባሪዎች እንደሌሉት ሊያምን ይገባል ሲሉ አሳሰቡ። ጸሐፊው ያስጨነቃቸው ወሬው ከሶቪየት ኅብረት ጋር ጦርነት እንዳይጭር እንደነበር መገመት ይቻላል። ነገር ግን ምርመራው ገና በሦስተኛ ቀኑ እያለ መደምደሚያውን አስቀድሞ የሚያስቀምጥ ደብዳቤ መጻፉ፣ በኋላ ይፋ ሲሆን ያስከተለውን ጉዳት መገመትም አያዳግትም።

አዲሱ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ኖቬምበር 29 ቀን በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት በኧርል ዋረን የሚመራ ሰባት አባላት ያሉት ኮሚሽን አቋቋሙ። ኮሚሽኑ በሴፕቴምበር 1964 ባቀረበው 888 ገጽ ሪፖርት ሦስት ጥይቶች መተኮሳቸውን፣ ሦስቱንም የተኮሰው ኦስዋልድ መሆኑን፣ ኦስዋልድም ሆነ ሩቢ የሴራ አካል መሆናቸውን የሚያሳይ ማስረጃ አለማግኘቱን ገለጸ። ከአባላቱ አንዱ በአሜሪካ የስለላ ድርጅት በሲአይኤ የተደገፉ የኩባ ስደተኞች ካስትሮን ለመጣል ካካሄዱት የአሳማዎች ባሕረ ሰላጤ ወረራ ውድቀት በኋላ ኬኔዲ ከሥልጣን ያስነሷቸው የቀድሞው የሲአይኤ ዳይሬክተር አለን ደለስ ነበሩ። የሲአይኤን ምስጢር መርምሮ ማውጣት ለሚጠበቅበት አካል ከዚህ የባሰ ምርጫ አይታየኝም።

የሪፖርቱ ደካማ ጎን ተደርጎ ዘወትር የሚነሣው «የአንድ ጥይት» ትንታኔ ነው። ከሦስቱ ጥይቶች አንዱ ዒላማውን ስቶ አንዱ ጭንቅላት ከመታ፣ የቀረው አንድ ጥይት የኬኔዲን አንገት በስቶ የኮናሊን ደረት፣ የእጅ አንጓና ጭን ማቁሰል ነበረበት፤ ይህ ጥይትም በሆስፒታሉ ቃሬዛ ላይ ብዙም ሳይጎዳ ተገኘ። ተቺዎች «ተአምረኛው ጥይት» እያሉ በአየር ላይ የሚጠማዘዝ አድርገው በሥዕል አሳዩት። ሥዕሎቹ ግን ሁለቱ ሰዎች በአንድ ከፍታ ፊትና ኋላ ቀጥ ብለው እንደተቀመጡ አድርገው የተነሡ ናቸው። በእርግጥ ኮናሊ የተቀመጡባት ታጣፊ ወንበር ዝቅ ያለችና ወደ መኪናው መሐል የገባች ስለነበረች፣ ከስድስተኛ ፎቅ ወደ ታች የሚነሣ ቀጥተኛ መስመር በሁለቱም ሰውነት ውስጥ ያልፋል። ይህ ማብራሪያ አሳማኝ ነው። ሆኖም ኮናሊ ራሳቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው በሌላ ጥይት እንደተመቱ ያምኑ ነበር፤ የኮሚሽኑ አባል ሴናተር ሪቻርድ ራስልም ትንታኔውን እንደማይቀበሉት በስልክ ለጆንሰን ሲነግሯቸው፣ ጆንሰን እርሳቸውም እንደማያምኑበት መልሰዋል። ንግግሩ በድምፅ ተቀርጿል። የሪፖርቱ አዛዥና ከጸሐፊዎቹ አንዱ ያላመኑበትን ነገር ሕዝቡ ያምን ዘንድ መጠበቅ አግባብ አልነበረም።

ሌላው የክርክር ማዕከል የልብስ ስፌት ነጋዴው አብርሃም ዛፕሩደር በ8 ሚሊ ሜትር ካሜራ ያነሣው 26 ሰከንድ ያህል የሚረዝም ፊልም ነው። ላይፍ መጽሔት ገዝቶ የተወሰኑ ምስሎችን ብቻ ስላሳተመ፣ ሰፊው ሕዝብ ተንቀሳቃሽ ፊልሙን በቴሌቪዥን ያየው በማርች 1975 ነው፤ ከግድያው 11 ዓመት በኋላ። በፊልሙ 313ኛ ምስል ላይ ጭንቅላታቸው ከተመታ በኋላ የኬኔዲ አካል ወደ ኋላና ወደ ግራ ይወድቃል። ይህም ጥይቱ ከፊት፣ ማለትም በጎዳናው ዳር ካለው ሣር ከለበሰ ጉብታ የመጣ ነው ለሚሉት ዋና ማስረጃ ሆነ። ምስሎቹን አንድ በአንድ የመረመሩ ባለሙያዎች ጭንቅላቱ መጀመሪያ በጥቂቱ ወደ ፊት መገፋቱን፣ ወደ ኋላ መውደቁ ከዚያ በኋላ መምጣቱን አሳይተዋል። የአስከሬን ምርመራው ድክመት ክርክሩን አባባሰው። የፓርክላንድ ሐኪሞች የአየር መተላለፊያ ለመክፈት አንገት ላይ የነበረውን ቁስል ሰፋ አድርገው ቀድደው ነበር፤ በሜሪላንድ ቤተስዳ ባሕር ኃይል ሆስፒታል አስከሬኑን የመረመሩት ሐኪሞች ይህን ያወቁት ምርመራውን ከጨረሱ በኋላ በማግሥቱ ነው፤ ዋናው መርማሪም የመጀመሪያ ማስታወሻቸውን አቃጥለዋል።

ገዳዮቹ ማን ናቸው ለሚለው የተሰጡት መልሶች ብዙ ናቸው። ጆንሰን ለሥልጣን ሲሉ አስገደሏቸው የሚለውም ሆነ የሶቪየት መንግሥት እጅ አለበት የሚለው በማስረጃ ረገድ ከሁሉ የሳሱ ናቸው። ክብደት ያለው ክርክር የሚነሣው ኩባን በተመለከተ ነው። በ1975 በሴናተር ፍራንክ ቸርች የሚመራው የሴኔት ኮሚቴ፣ ሲአይኤ ካስትሮን ለማስገደል ጆን ሮዜሊ፣ ሳም ጂያንካናና ሳንቶስ ትራፊካንቴ ከተባሉ የማፍያ አለቆች ጋር ማሴሩን አረጋገጠ። ኬኔዲ በተገደሉባት በዚያችው ዕለት አንድ የሲአይኤ ባልደረባ ፓሪስ ውስጥ ከካስትሮ መንግሥት ለከዳ ሹም በብዕር ውስጥ የተደበቀ የመርዝ መርፌ ይሰጥ ነበር። ማፍያው በፕሬዚዳንቱ ወንድም በዐቃቤ ሕጉ በሮበርት ኬኔዲ ጽኑ ዘመቻ ተቆጥቶ፣ የኩባ ስደተኞች በወረራው ጊዜ ተከድተናል ብለው ቂም ይዘው፣ ካስትሮም በበኩላቸው የኩባ መሪዎችን የሚያጠፉ ራሳቸው ከአደጋ እንደማይድኑ በሴፕቴምበር 1963 አስጠንቅቀው ነበር። ከእነዚህ ሦስት ወገኖች አንዱ ግድያውን አቀናብሯል የሚለው ክስ አልተረጋገጠም። የተረጋገጠው ሲአይኤ ይህን ሁሉ ከዋረን ኮሚሽን መደበቁ፣ ጉዳዩን የሚያውቁት ደለስም በኮሚሽኑ ስብሰባ ተቀምጠው ዝም ማለታቸው ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይም ንጹሕ አልነበረም፤ ኦስዋልድ ከግድያው ጥቂት ሳምንት በፊት በዳላስ ቢሮው ያስቀመጠውን ደብዳቤ አንድ ባልደረባው ቀድዶ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ጥሎታል። ይህ ለሕዝብ የተገለጠው በ1975 ነው።

ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት የወሰደው የኒው ኦርሊንሱ ዐቃቤ ሕግ ጂም ጋሪሰን ብቻ ነው። ክሌይ ሾው የተባሉትን ነጋዴ በማርች 1967 አስሮ ለሁለት ዓመት ካጉላላቸው በኋላ፣ ጁሪው አንድ ሰዓት እንኳን ሳይሞላ ተማክሮ በነጻ አሰናበታቸው። የሾው ሕይወት በዚህ ክስ ተበላሽቷል፤ የሴራ ትንታኔ በስም የሚጠራ ሰው ላይ ሲያርፍ የሚያደርሰው ጉዳት ከዚህ በላይ ማሳያ አያስፈልገውም።

የተወካዮች ምክር ቤት ልዩ ኮሚቴ በ1979 የሰጠው መደምደሚያ ደግሞ ክርክሩን አዲስ ነፍስ ዘራበት። ኮሚቴው ኦስዋልድ ኬኔዲን የገደሉትን ጥይቶች መተኮሱን ከተቀበለ በኋላ፣ ፕሬዚዳንቱ የተገደሉት «ምናልባትም በሴራ» ነው አለ። መሠረቱ የፖሊስ ሞተር ብስክሌት ራዲዮ ክፍት ሆኖ ቀርቶ የቀዳው ድምፅ ነበር፤ የድምፅ ባለሙያዎች ከጉብታው አራተኛ ተኩስ ይሰማበታል ብለዋል። በ1982 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ያቋቋመው ቡድን ቅጂውን መርምሮ፣ ተኩስ የተባለው ድምፅ የተቀዳው ከግድያው አንድ ደቂቃ ያህል ዘግይቶ መሆኑን አረጋገጠ። የምክር ቤቱ መደምደሚያ ያረፈበት ምሰሶ በዚህ ወደቀ፤ መደምደሚያው ግን በይፋ አልተነሣምና እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ይኸው ኮሚቴ የሲአይኤን መዝገቦች ሲጠይቅ አገናኝ ሆኖ የተመደበለት ጆርጅ ጆአኒደስ፣ በ1963 ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ከኦስዋልድ ጋር የተጋጨውን የኩባ ተማሪዎች ድርጅት በሲአይኤ ስም ይቆጣጠር የነበረ ሰው ነው። ኮሚቴው ይህን አያውቅም ነበር፤ እውነታው የተገለጠው ከዓመታት በኋላ ነው።

በ1991 የወጣ ስለ ግድያው የተሠራ አንድ የሆሊዉድ ፊልም ባስነሣው ቁጣ ምክንያት ኮንግረሱ በ1992 ከግድያው ጋር የተያያዙ ሰነዶች በሙሉ በ25 ዓመት ውስጥ ይፋ እንዲሆኑ የሚያዝዝ ሕግ አወጣ። ገደቡ በ2017 ቢያበቃም ሰነዶቹ በዙር በዙር እየተለቀቁ ቆዩ፤ በማርች 2025 በፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ትእዛዝ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ገጾች ተለቀቁ። ከእነዚህ መካከል የታሪክ ምሁሩ አርተር ሽሌሲንገር በጁን 1961 ሲአይኤን እንደገና ስለማደራጀት ለኬኔዲ የጻፉት ማስታወሻ ይገኝበታል። ከማስታወሻው ገጽ ተኩል ያህሉ ለስድሳ ዓመታት በጥቁር ተሸፍኖ ሲያነጋግር ቆይቷል። ሽፋኑ ሲነሣ የተገኘው በአሜሪካ ኤምባሲዎች ውስጥ ከሚሠሩት የፖለቲካ ሹማምንት ግማሽ ያህሉ በዲፕሎማት ስም የሚንቀሳቀሱ የሲአይኤ ባልደረቦች መሆናቸውን የሚገልጽ ጽሑፍ ነው፤ ስለ ዳላስ የሚናገር አንድም ቃል አልነበረበትም።