«ኩድ የካን ያለፈ ጊዜ ነው» እና ሌሎች የእንግሊዝኛ ክፍል የተሳሳቱ አመለካከቶች

እንግሊዝኛ እኛ አገር ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጣል፤ 9ኛ ክፍል ሲደረስ ባዮሎጂውም ፊዚክሱም በእሱ ይሆናል። ይህን ሁሉ ዓመት የተማረ ልጅ የቴንስ (የግስ ጊዜ) ሰንጠረዡን አንድ ሳያስቀር ይጽፍላችኋል። ትናንት ምን ስታደርግ ዋልክ ስትሉት ግን ይንተባተባል። ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ከሰንጠረዡ ጋር አብረው የሚሰጡ የተሳሳቱ ነገሮች ስላሉ ነው።

«እንግሊዝኛ 12 ቴንስ አለው፣ መጀመሪያ እነሱን መሸምደድ ነው»

12ቱ የሚመጡት ያለፈን፣ የአሁንን እና የወደፊትን በአራት መልክ በማባዛት ነው። ለፈተና ክለሳ ይመቻል። ግሱ ራሱ ለጊዜ የሚለዋወጠው ግን ለሁለት ብቻ ነው፦ ጎ እና ዌንት፣ ዎርክ እና ዎርክድ። ሌላው በረዳት ግስ የሚገነባ ነው፤ «ዊል» እንኳ ከካን እና ከማስት ጋር የሚመደብ ሞዳል ነው፣ ማለትም ችሎታን፣ ግዴታን ወይም ግምትን የሚገልጽ ረዳት ግስ። «ወደፊት ከሆነ ዊል» ብሎ የያዘ ተማሪ፣ ማታ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ያለው ሰው «አይ አም ሲይንግ ዘ ዶክተር ቱናይት» ሲለው ግራ ይገባዋል። አውቶቡሱ «ሊቭስ አት ሲክስ» ሲባልም እንደዚያው። ሁለቱም የአሁን ጊዜ መልክ ይዘው ስለ ወደፊት ነው የሚናገሩት። አማርኛም እኮ እንዲሁ ነው። «ይሄዳል» በየቀኑም ነው፣ ነገም ነው። ተማሪው በራሱ ቋንቋ ሲናገረው የኖረውን ነገር እንግሊዝኛው ላይ እንግዳ እንዲሆንበት የሚያደርገው ሰንጠረዡ ነው።

«ኩድ የካን ያለፈ ጊዜ ነው»

አንዳንዴ ነው። «ልጅ እያለሁ ዛፍ ላይ መውጣት እችል ነበር» ለማለት ኩድ ልክ ነው። አንድ ቀን ተሳክቶ የተደረገን ነገር ግን በኩድ አይናገሩትም። ትናንት ፈተናውን ማለፍ ቻልኩ ለማለት «አይ ኩድ ፓስ ዘ ኤግዛም የስተርደይ» የሚል ተማሪ ብዙ ነው። «ዎዝ ኤብል ቱ» ነው የሚባለው፣ ወይ በአጭሩ «ፓስድ»። አሉታው ላይ «ኩድንት» ችግር የለበትም። «ኢት ኩድ ሬይን ቱሞሮው» ደግሞ ስለ ነገ ነው፣ ያለፈ ነገር ጭራሽ የለበትም።

እዚህ ላይ ከሁሉ በላይ የምጨነቅለት ነገር ትህትናው ነው። አማርኛ ላይ ትህትናው ግሱ ውስጥ አለ። «ይክፈቱልኝ» ስንል አክብሮቱ እዚያው አለ፣ ትእዛዝ መሆኑ ማንንም አያስቀይምም። እንግሊዝኛ «እርስዎ» የለውም። ያንን ሥራ ከሚሠሩለት ዋነኞቹ ኩድ እና ውድ ናቸው። ዋሽንግተን ወይም ለንደን ሥራ የጀመረ ያገራችን ሰው በልቡ «ይስጡኝ» እያለ በአፉ «ጊቭ ሚ» ይላል፤ ፕሊስ ቢጨምርበትም ትእዛዝ ትእዛዝ ይላል፣ ያን የመሰለ ጨዋ ሰው እንደ ባለጌ ይታያል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። ስለዚህ «ኩድ ዩ»ን በመጀመሪያው ሳምንት አስተምሩ፣ ያለፈ ጊዜ የሚባል ነገር ሳታነሱ። ያለፈ ጊዜ መልክ ሁሉ ያለፈን አይናገርማ። «ኢፍ አይ ሃድ መኒ» ያለ ሰው የሚያወራው ስለ አሁን ነው፤ እኛም «ገንዘብ ቢኖረኝ እገዛው ነበር» እንላለን፣ «ነበር»ን አስገብተን።

«ማስት እና ሃቭ ቱ አንድ ናቸው»

አዎንታው ላይ ይቀራረባሉ። አሉታው ላይ ግን ሆድና ጀርባ ናቸው። «ማስት ኖት» ክልክል ነው። «ዶንት ሃቭ ቱ» ማለት ግን ግዴታ የለብህም፣ ከፈለግክ አድርገው ነው። ተማሪውን የሚያሳስተው የኛው «የለብህም» ነው። «እዚህ ማጨስ የለብህም» ክልከላ ነው አይደል? ቃል በቃል ሲገለበጥ «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ስሞክ ሂር» ይወጣል፣ የሰማው ፈረንጅ ደግሞ ማጨሱ በፈቃድህ ነው የተባለ ይመስለዋል። ስለ ሲጋራ ከሆነ ሳቅ ብሎ ያልፋል። «እነዚህን ሁለት ኬሚካሎች መቀላቀል የለብህም» ለማለት ከሆነ ግን ሰው ይጎዳል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ «ዶንት ሃቭ ቱ»ን «አይጠበቅብህም» ከሚለው ጋር አጣምዱት። ከዚያ ሁለት ሁኔታ ስጡ፣ ነገ ቅዳሜ ስለሆነ በጠዋት መነሳት የማይጠበቅበትን ልጅ እና ሆስፒታል በር ላይ የተለጠፈ ክልከላን፣ ተማሪው የቱን የት እንደሚል ይምረጥ።

ማስት ሌላም ፊት አለው። ግዴታ ማለት ነው ተብሎ ብቻ የተማረ ልጅ «ሂ ማስት ቢ ሲክ»ን «መታመም አለበት» ብሎ ይፈታዋል። ግን እኛ ራሳችን «ዛሬ አልመጣም፣ ታሞ መሆን አለበት» እንል የለ? ግዴታ ነው ብሎ የሚሰማው የለም። ይህችን ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ጻፉለት፣ ወዲያው ይገባዋል።

«ፕሬዘንት ፐርፌክት ማለት በቅርቡ ያለፈ ነገር ነው»

አይደለም። ፕሬዘንት ፐርፌክት የሚባለው በሃቭ ወይም በሃዝ የሚሠራው መልክ ነው። አውቶቡሱ ከ5 ደቂቃ በፊት ከሄደ «ሌፍት ፋይቭ ሚኒትስ አጎ» ነው፣ ፓስት ሲምፕል (ተራው ያለፈ ጊዜ)። አክሱምን ከ30 ዓመት በፊት ያየ ሰው ደግሞ «አይ ሃቭ ቢን ቱ አክሱም» ይላል። ቅርብና ሩቅ አይደለም ጉዳዩ። ያለቀ ጊዜ ተጠርቶ ከሆነ ፐርፌክቱ አይገባም። የኛ «መጥቷል» ከ«ሃዝ ካም» ጋር ይመሳሰላል፣ ነገር ግን «ትናንት መጥቷል» ያስኬዳል፣ «ሂ ሃዝ ካም የስተርደይ» አያስኬድም። ልዩነቱ ይቺው ናት፣ ስህተቱም በብዛት እዚህ ነው። በነገራችን ላይ፣ ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ «ዲድ ዩ ኢት የት?» ቢል ሰዋስው አያውቅም አትበሉት፤ እዚያ የተለመደ ነው። እንግሊዞቹ «ሃቭ ዩ ኢትን የት?» ይላሉ።

«ሂ ካንስ» እና «ካን ቱ ጎ» የሚሉትን ስህተቶች በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ይችላል፣ ትችላለች፣ ይችላሉ እያለ ያደገ ልጅ ካን ላይ ኤስ ቢጨምር አይፈረድበትም። ሞዳል ለማንም አይለወጥም፣ ከኋላው ያለውም ግስ ያለ «ቱ» ባዶውን ይመጣል። ጮክ ብሎ ደጋግሞ መናገር ይፈታዋል።

«እንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ አማርኛ ክልክል ነው»

ክፍለ ጊዜው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ብዙዎቹ ልጆች ከዚያ ውጭ አይሰሙትም። ግን «ማስት ኖት»ን ከ«ዶንት ሃቭ ቱ» ለመለየት ሁለት ደቂቃ አማርኛ ግማሽ ሰዓት የእንግሊዝኛ ማብራሪያ ያስቀራል። አፍ መፍቻው አፋን ኦሮሞ ወይም ሲዳምኛ የሆነ ልጅ ካለ ደግሞ በእናንተ ቋንቋ እንዴት ይባላል ብላችሁ ጠይቁት። እናንተ ቋንቋውን ባታውቁት እንኳ፣ ልጁ መልሱን ሲፈልግ ልዩነቱን ራሱ ያገኘዋል።