በጎነት፦ የቃሉ ፍቺና አገባብ በሐረርና በድሬዳዋ

በጎነት ለሌላው መልካም ማሰብንና ያሰቡትን በሥራ መግለጥን የሚያመለክት ስም ነው። ደግነት፣ ቸርነት፣ ልግስናና ርኅራኄ የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው፤ በንግግር አንዱ በሌላው ቢተካም እያንዳንዱ የራሱ ቦታ አለው።

«በጎ» ለሐሳብ፣ ለሥራና ለፈቃድ ይስማማል፤ በጎ ምኞት፣ በጎ ሥራ፣ በጎ ፈቃድ እንላለን። «ደግ» ግን ሰውዬውን ራሱን ይይዛል። የጎረቤቷን የሙት ልጆች ከልጆቿ ጋር ያሳደገች እናት በሰፈሩ አፍ «ደግ ሴት» ናት፤ «በጎ አድራጊ» ብሎ የሚጠራት የለም። ይኸው ቃል «ደግ አደረገህ!» ሲባል ደግሞ ተገልብጦ «የእጅህን አገኘህ» ማለት ይሆናል። «ቸር» ወደ ፈጣሪ ያደላል፤ በሐረር ፈረስ መጋላ መድኃኔዓለምን የሚሳለም ምእመን «ቸሩ መድኃኔዓለም» ብሎ ይለምናል፣ ሲሰነባበትም «በቸር ያገናኘን» ይላል። ሰው ራሱን «ቸር ነኝ» ሲል የማይሰማውም ቃሉ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ስጦታን ስለሚያስታውስ ይመስለኛል። ልግስና የእጅ ነገር ሲሆን፣ ርኅራኄ የአንጀት ነው፤ ርኅሩኁን ሰው በተራ አነጋገር ሆደ ቡቡ እንለዋለን።

በመሥሪያ ቤት ቋንቋ የገነነው «በጎ አድራጎት» ነው። አዋጅ ቁጥር 621/2001 «የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት» በሚል ስም ወጥቶ ነበር፤ የተካው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ግን «የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች» የሚለውን መርጧል። «በጎ ፈቃድ» በአንጻሩ ጸንቷል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር የአቅመ ደካሞችን ቤት የሚያድሱ ወጣቶች የሚጠሩበት እሱ ነው።

ከጥንት ጀምሮ የእስልምና ትምህርት ማዕከል በሆነችው፣ በጀጎል ግንብ ውስጥ 82 መስጊዶች እንዳሏት በሚነገርላት ሐረር፣ አማርኛው ከእነዚህ ቃላት ጎን ሰደቃንና ዘካን ይዟል። ሰደቃ በፈቃድ የሚሰጥ ነው፤ ዘካ ግን የተወሰነ መጠን ደርሶ ዓመት ከሞላው ገንዘብ ከ40 አንድ እጅ የሚወጣ ግዴታ በመሆኑ፣ «በጎነት» ብሎ መተርጎሙ ያጎድለዋል፤ ተቀባዩ ድርሻውን ነውና የሚወስደው። ለማኙን «የኔ ቢጤ» የሚለው የአማርኛ ስምም በሰጪና በተቀባይ መካከል ያለውን ርቀት ያጠባል፤ ከቃላታችን ሁሉ ይህን እወደዋለሁ።

ድሬዳዋ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ሲደርስ ከየአቅጣጫው በመጡ ሰዎች የተቆረቆረች በመሆኗ፣ ምስጋናዋም ወግ አያበዛም፤ መንገድ ላይ ዕቃ ያገዘ ወጣት «አቦ ይመችህ» ይባልና ይሄዳል።

የሐረሪዎች አፎቻ ግን ከእነዚህ ቃላት በአንዱም አይገለጽም። ከዕድር ጋር ቢመሳሰልም ለቅሶን ብቻ ሳይሆን ሠርግንም ይይዛል፤ ወንዶችም ሴቶችም የየራሳቸው አፎቻ አላቸው። አባሉ የሚመጣው መምጣት ስላለበት ነው። በአማርኛ ተናጋሪው ሰፈርም ለቅሶ ቤት ጀበናዋንና ስኒዎቿን ይዛ የገባች ጎረቤት ከሰሉን አቀጣጥላ ለተቀመጡት ሁሉ ታፈላለች፤ ስለ ደግነቷ ቢያነሱባት የምትመልሰው «ነግ በኔ» ብላ ነው፤ ስኒዎቹንም አጥባ ለነገው ረድፍ እዚያው ትደረድራቸዋለች።