«ዕድሜ ልኩን የሮጠ ሰው ማሰልጠን ምን ያቅተዋል?» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

እኔ በምኖርበት ፍራንክፈርት አካባቢ ሩጫ ያቆመ ሐበሻ ሁሉ አንድ ቀን ይደውልልኛል። ሰላምታው ሳያልቅ ጥያቄው ይከተላል፦ «ይኼ የትራያትሎን አሰልጣኝነት እንዴት ነው? ፈረንጆቹ ጥሩ ይከፍላሉ ይባላል። እኔ እንደሆንኩ ዕድሜ ልኬን ሮጫለሁ፤ ምን ያቅተኛል?» ብዙ ነገር ያቅትሃል ብሎ ለእያንዳንዱ ማስረዳት ሰልችቶኛልና እዚህ ላስቀምጠው።

ለማያውቀው፣ ትራያትሎን ማለት ዋናን፣ ብስክሌትንና ሩጫን ሳያርፉ ማከታተል ነው። ከሲድኒ 2000 ጀምሮ በኦሊምፒክ የሚካሄደው ውድድር 1.5 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 40 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 10 ኪሎ ሜትር ሩጫ አለው። የእኔ ሰልጣኞች አብዛኞቹ የሚመኙት አይረንማን ደግሞ 3.8 ኪሎ ሜትር ተዋኝቶ፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌት ተነድቶ፣ በዚያ ላይ ሙሉ ማራቶን የሚሮጥበት ነው።

«እኔ የሠራሁትን አሠራቸዋለሁ»

ዋናው በሽታ ይኼ ነው። የቀድሞ ሯጭ ፕሮግራም ጻፍ ሲባል እጁ የሚጽፈው የራሱን ወጣትነት ነው፦ ሰኞ ጫካ፣ ማክሰኞ ትራክ፣ ረቡዕ ሶምሶማ፣ ሐሙስ ኮሮኮንች፣ ቅዳሜ አስፋልት። ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቱ እንደነበር፣ ከልምምድ መልስ እስከ ማታ ይተኛ እንደነበር፣ ምግቡን ሌላ ሰው ያበስልለት እንደነበር ይረሳዋል። ከሁሉ በላይ የሚረሳው አብረውት የጀመሩትን ነው። ሰንዳፋ ላይ በአንድ መስመር ተከታትለው ይሮጡ ከነበሩት ልጆች ስንቱ በቁርጭምጭሚትና በቅልጥም ጉዳት ወደ አገሩ ተመለሰ? ያ ፕሮግራም የሚሠራ የሚመስለው የሚተርከው የተረፈው ሰው ስለሆነ ነው።

አንዲት የአርባ ስድስት ዓመት ነርስ ሰልጣኝ አለችኝ፤ ሌሊት ተረኛ ናት። ወደ እኔ ከመምጣቷ በፊት የሚያሰለጥናት የቀድሞ ሯጭ ነበር፤ ስም አልጠራም። በሳምንት ሁለት ጊዜ ዳገት፣ እሑድ ረጅም ሩጫ አዘዘላት። ቅልጥሟን አመማት። «ይለቅሻል፣ እኛም እንዲሁ ነበርን» አላት። እያነከሰች መጣች። አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጥኳትና የውስጠኛውን ቅልጥሟን ከላይ ወደ ታች በአውራ ጣቴ ጫን ጫን እያልኩ ወረድኩ። ምንም አላለችም፣ ምንም አላለችም፤ ሳንቲም የምታህል ቦታ ላይ ስደርስ ከወንበሩ ተነሳች። ሕመሙ በአጥንቱ ርዝመት የተበተነና ሰውነት ሲሞቅ የሚቀል ከሆነ ጫናን መቀነስ ብዙ ጊዜ ይበቃል። አንድ ነጥብ ላይ ከተቸከለና በእረፍት ጊዜ፣ ሌሊትም ጭምር ካመመ ግን አጥንቱ ሳይሰነጠቅ አልቀረምና ልምምዱ በዚያው ቅጽበት ይቆማል፣ ሐኪምም ያየዋል። የእሷም በምርመራ የታየው ስንጥቅ ነበር።

ስትድን አዲስ ፕሮግራም ከመጻፌ በፊት የጠየቅኳት ስለ ሩጫ አልነበረም። በሳምንት ስንት ሌሊት ትሠሪያለሽ? ከተረኝነት ስትወጪ ስንት ሰዓት ትተኛለሽ? ልጆቹን ማን ያደርሳል? ከዚህ በፊት የተሰበረ ወይም የተቀደደ ነገር አለ? መድኃኒት ትወስጃለሽ? ከተረኝነት በወጣችበት ቀን ከባድ ልምምድ የለም፤ አለቀ። የሩጫ ርቀትና ፍጥነት በአንድ ሳምንት ላይ አብረው አይጨመሩም። ልብና ሳንባ በሳምንታት ይላመዳሉ፣ አጥንትና ጅማት ወራት ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ የትንፋሿን ማማር አይቼ ርቀት አልጨምርም። ብዙውን ጽናት እግር መሬት በማይመታበት በብስክሌት ትሠራለች። ወንድሜ፣ አሰልጣኝ ልሁን ካልክ ይህን መጠይቅ ገልብጥ፤ የድሮ የልምምድ ደብተርህን ግን ለልጆችህ አስቀምጥ።

«ሳንባ ያለው ሰው ውኃ አይከብደውም»

ውኃ ከአየር 800 ጊዜ ያህል ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ሳንባ ቢኖርህም ሰውነትህ ካልተዘረጋ ጉልበትህን ውኃው ይበላዋል። የሯጭ ቁርጭምጭሚት ለመሬት የተሠራ ነው፤ ጠንካራና የማይተጣጠፍ። ዋናተኛ የእግሩን ጣት ወደ ኋላ ዘርግቶ ውኃውን ይገፋል፤ ሯጭ ግን እግሩን ውኃ ውስጥ ብስክሌት እንደሚነዳ እያጠፈ ይመታል፣ ውስጥ እግሩ ፍሬን ይሆንበታል። ጥሩ የግማሽ ማራቶን ሰዓት የነበረው ሰው በእግር ብቻ ዋኝ ሲባል ባለበት ሲቆም፣ አልፎም ወደ ኋላ ሲሄድ አይቻለሁ። እንዲህ ያለውን ሰው «ጠንከር በል» ማለት የባሰ ማስመጥ ነው። ጭንቅላቱን ዝቅ፣ ዳሌውን ከፍ እንዲያደርግ፣ ትንፋሹን ውኃ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲያወጣ ማስተማር ያስፈልጋል፤ ይኼ ደግሞ በሩጫ ዘመን የተማርነው ነገር አይደለም።

«ራሱ በዓለም መድረክ ያልሮጠ አያሰለጥንም»

ደራርቱ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ የተነሱባት በቆጂ ውስጥ ልጆቹን የኮተኮተው ስንታየሁ እሸቱ የሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪ ነበር። የ800 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤቱ የዴቪድ ሩዲሻ አሰልጣኝ፣ አየርላንዳዊው ሚሲዮናዊ ብራዘር ኮልም ኦኮኔል፣ ኬንያ ኢቴን የሄደው ጂኦግራፊ ሊያስተምር ነው። በተቃራኒው ኬንያዊው ፓትሪክ ሳንግ በባርሴሎና 1992 በ3,000 ሜትር መሰናክል ብር አግኝቷል፤ ኤሊዩድ ኪፕቾጌን ያሰለጠነው ግን ለ5,000 ሜትርና ለማራቶን ነው፤ ሜዳሊያ ያመጣበትን ፕሮግራም ገልብጦ አልሰጠውም። ሜዳሊያ የመጀመሪያውን ሰልጣኝ ያመጣልሃል፤ ሁለተኛውን ያመጣልሃል ብለህ አትቁጠር።

«አብሬያቸው እሮጣለሁ፣ ያ ይበቃል»

ከፊት የሚሮጥ ሰው ከኋላው ያለውን ጉልበት አያይም። አሯሯጭና አሰልጣኝ ሁለት ሥራ ነው።

«የልብ ምት ጣሪያ 220 ሲቀነስ ዕድሜ ነው»

ግምት ነው። በአሥር ምትና ከዚያም በላይ ሊስት ይችላል፤ ብዙ ሰው ላይ ደግሞ በብስክሌት የሚደርሱበት በሩጫ ከሚደርሱበት ያንሳል።

«ውኃ ይበቃል፣ እኛ በባዶ ሆድ ነበር የምንሮጠው»

10,000 ሜትር ሳይበሉ ያልቃል። አይረንማን ለአብዛኛው ሰው የሙሉ ቀን ሥራ ነው። ሰልጣኙ ብስክሌት ላይ በሰዓት ከ60 እስከ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት መውሰድ ካልተለማመደ ማራቶኑን በእግር ይጨርሰዋል። ጨው የሌለው ውኃ ብቻ ከልክ በላይ የሚጠጣ ደግሞ ደሙ ውስጥ ያለው ሶዲየም ወርዶ ሆስፒታል ሊገባ ይችላል። ሆድም እንደ እግር ይሰለጥናል፤ በውድድር ቀን አዲስ ነገር አይቀመስም።

«ወረቀቱ ለይስሙላ ነው፣ ገንዘቡ ግን ጥሩ ነው»

ሁለቱም ስህተት ነው። ጀርመን ውስጥ የመጀመሪያው ደረጃ የአሰልጣኝነት ወረቀት፣ የሲ (C) ፈቃድ የሚባለው፣ ቢያንስ 120 ክፍለ ጊዜ ይፈጃል፤ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ ነው። ትምህርቱ በጀርመንኛ ነው፣ ፈቃዱም በየአራት ዓመቱ ይታደሳል። ገንዘቡን በተመለከተ፣ በክለብ በትርፍ ጊዜው ለሚያሰልጥን ሰው ከግብር ነፃ የሚሆነው ክፍያ እ.ኤ.አ. በ2021 ከፍ ተደርጎ እንኳን ያኔ በዓመት 3,000 ዩሮ ነበር። ለአሥራ ሁለት አካፍለው፤ የፍራንክፈርት የቤት ኪራይ ምን ያህል እንደሆነ ታውቃለህ። ስለዚህ የመጋዘን ሥራህን አትልቀቅ። ቅዳሜ ጠዋት ገንዳ ዳር ና፤ ፊሽካውንና ሰዓቱን እኔ እይዛለሁ፣ አንተ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘህ የእያንዳንዱ ሰው እግር ውኃ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ጻፍልኝ።