ቅድስና ከፊት አይነበብም

በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ሥዕል ውስጥ ከሃዲው፣ አሳዳጁና ጋኔኑ በጎን ይሣላሉ፤ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። ቅዱሳን ግን ወደ ተመልካቹ ዞረው ሁለት ዓይናቸው ይታያል። ሥዕል አፍ ስለሌለው ሠዓሊው ደጉንና ክፉውን የሚለይበት ዘዴ ነው፤ እንደ ሥዕል ደንብ ምንም አይወጣለትም። የሚያናድደው ሕዝቡ ይህን ደንብ ይዞ ከቅጽሩ መውጣቱ ነው። «ፊቱ ያበራል፣ ጻድቅ ነው።» «ፊቷ ጠቁሯል፣ የሠራችው ነገር አለ።» ይህን የሚለው ሰው ደግሞ ጥቅስ አያጣም። ስለዚህ ጥቅሶቹን እንያቸው።

«ጻድቅ በፊቱ ብርሃን ይታወቃል»

መጀመሪያ የሚጠራው ሙሴ ነው። በዘፀአት 34፥29 ፊቱ ማንጸባረቁ እውነት ነው፤ ግን ያው ቁጥር ሙሴ ራሱ ይህን እንዳላወቀ ይናገራል። መሸፈኛውንም ያደረገው እንደሚወራው ለሕዝቡ ሲናገር አልነበረም። ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ ነው የተሸፈነው (34፥33)። ወደ እግዚአብሔር ሲገባ ያነሣዋል፤ ወጥቶ የታዘዘውን ይናገራል፤ ከዚያ መልሶ ይሸፈናል። ቅዱስ ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ 3፥13 ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ የሚያልፈውን ክብር መጨረሻ እንዳይመለከቱ ነው ይላል። የሙሴ ብርሃን እንኳ አላፊ ከነበረ፣ የጎረቤትን ፊት እያዩ መዝገብ መያዝ ከየት መጣ?

እስጢፋኖስን እንጨምር። በሐዋርያት ሥራ 6፥15 በሸንጎው የተቀመጡት ሁሉ ፊቱን እንደ መልአክ ፊት ሆኖ አዩት። አይተውም በድንጋይ ወገሩት። ነቢዩ ሳሙኤልም የኤልያብን መልክና ቁመት አይቶ የተቀባው እሱ ነው ብሎ ሲያስብ፣ ሰው ፊትን ያያል፣ እግዚአብሔር ግን ልብን ያያል ተባለ (1ኛ ሳሙኤል 16፥7)። «እንግዲያው መልከ ጥፉነት ነው ጽድቅ» የሚል ደግሞ አምስት ቁጥር ወረድ ይበል፤ የተመረጠው ዳዊት መልኩ ያማረ ነበር።

«ፊቱ ጠቆረ» የሚባለው ቃየል ነው (ዘፍጥረት 4፥5)፤ እሱም የቁጣ ፊት እንጂ የቆዳ ቀለም አይደለም። ይህንን አቀላቅሎ የታመመ ሰው ላይ የሚፈርድ ብዙ ነው። ጉንጭና ግንባር ላይ የሚወጣው ጥቁረት አብዛኛውን ጊዜ ማድያት ነው፤ በእርግዝና፣ በወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብልና በፀሐይ ይባባሳል። ጎንደር ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ፀሐይዋ አትማርም። ጃንጥላ መያዝና የፀሐይ መከላከያ ቅባት መቀባት ይረዳል። ምን እንዳለበት የማይታወቅ ማንጫ ቅባት ግን ይቅር፤ ብዙዎቹ ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት አለባቸው። መጀመሪያ ያፈካሉ፣ ቀጥሎ ቆዳውን ያሳሳሉ፣ ያቀላሉ፣ ሲያቆሙት ከበፊቱ ይብሳል። የቆዳ ሐኪም ማየት እምነት ማጣት አይደለም፤ ጠበሉም ሐኪም አይከለክልም።

ፊት ላይ ነጭ ሆኖ የሚወጣው ለምጽ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። «ኦሪት ርኩስ ብሎታል» የሚል ካለ ዘሌዋውያን 13፥12-13ን ያንብብ፤ ደዌው ሰውነቱን ሁሉ ሸፍኖ ነጭ ከሆነ ካህኑ ንጹሕ ነው ይለዋል። ከእናቱ ማኅፀን ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ማን እንደበደለ ሲጠየቅ ጌታ የመለሰውም ያው ነው፤ እሱም ወላጆቹም አልበደሉም (ዮሐንስ 9፥3)።

«እግዚአብሔር ፊቱን ካዞረብህ ጠልቶሃል»

ዳዊት የሚደግም ሰው ይህን ማለት አልነበረበትም። በመዝሙር 50 ላይ «ከኃጢአቴ ፊትህን መልስ» ካለ በኋላ፣ ሁለት ቁጥር ሳይርቅ «ከፊትህ አትጣለኝ» ይላል። አንዱን ፊት ከበደሉ እንዲመለስለት፣ ከእሱ ግን እንዳይርቅበት ይለምናል። የፊት መመለስ ምሕረትም ይሆናል፤ ከምን እንደተመለሰ ሳያዩ መፍረድ አይቻልም።

«ሙሴ የእግዚአብሔርን ፊት አይቷል»

ዘፀአት 33፥11 ፊት ለፊት ተነጋገረ የሚለው ሰው ከወዳጁ ጋር እንደሚነጋገር ማለቱ ነው፤ እዚያው ቁጥር ላይ ተጽፏል። እዚያው ምዕራፍ ቁጥር 20 ፊቴን ማየት አትችልም ይለዋል።

«ጾመኛ ፊቱ የገረጣ መሆን አለበት»

ማቴዎስ 6፥17። ፊትህን ታጠብ።

«በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ያሉት የጻድቃን ፊቶች ናቸው»

ክንፍ አላቸው እኮ! ኪሩቤል ናቸው። ቁጥራቸውን እየቆጠሩ ምሥጢር መፈለግም ድካም ነው፤ ዮሐንስ በራእይ 5፥11 በዙፋኑ ዙሪያ ያያቸውን መላእክት እልፍ ጊዜ እልፍ ብሎ ነው የተዋቸው። ይልቅ የሥላሴን ሥዕል ሲያዩ ማዕዘኖቹን ይመልከቱ፤ ኅዳር 8 የሚከበሩት አርባዕቱ እንስሳ (በዙፋኑ ዙሪያ ያሉት አራቱ ፍጥረታት) እዚያ ናቸው። በሕዝቅኤል 1 እያንዳንዳቸው አራት ፊትና አራት ክንፍ አላቸው፤ በራእይ 4 አንዳንድ ፊትና ስድስት ክንፍ። ሠዓሊው ለእያንዳንዱ አንድ ፊት ከሰጠ የተከተለው ዮሐንስን ነው። መምህራን እንደሚያስተምሩት ገጸ ሰብእ ስለ ሰው፣ ገጸ አንበሳ ስለ አራዊት፣ ገጸ ላህም ስለ እንስሳት፣ ገጸ ንስር ስለ አዕዋፍ ይለምናሉ። ለማስፈራሪያ የተሣሉ አይደሉም፤ ልጆችን በነሱ ማስፈራራት ይቅር።

«ፊታችንን ወደ ምሥራቅ የምናዞረው ኢየሩሳሌም እዚያ ስለሆነች ነው»

ከጎንደር ኢየሩሳሌም በሰሜን ናት፣ ጥቂት ወደ ምዕራብ ያዘነበለች። ወደ ኢየሩሳሌም ዞሮ የጸለየው ነቢዩ ዳንኤል ነው። በቅዳሴ ዲያቆኑ «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ» (ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ) የሚለው ገነት በምሥራቅ ስለተተከለች (ዘፍጥረት 2፥8)፣ የሰው ልጅ መምጣትም ከምሥራቅ እንደሚወጣ መብረቅ ስለሆነ (ማቴዎስ 24፥27) ነው። ቤቱ ውስጥ የጸሎት ቦታ የሚያዘጋጅ ሰው የፀሐይን መውጫ በሰኔ ወይም በታኅሣሥ አይቶ ምልክት ካደረገ ወደ 24 ዲግሪ ይስታል። መጋቢት 12 ወይም መስከረም 12 አካባቢ ማለዳ ይመልከት፤ ያን ጊዜ ፀሐይ በትክክል ከምሥራቅ ትወጣለች።