«በነጻ ያገልግል» ይባላል፤ ለእጩነት የሚቀርበው ግን ማን ነው? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የሕዝብ ተወካይ እንደ ቅሬ ዳኛ በነጻ ማገልገል አለበት።» ቅሬ እንደ እድር ያለ የሠፈር መረዳጃ ማኅበር በሆነበት በወሎ ይህ አባባል ልብ ይነካል፤ የቅሬ ዳኛ ቀብር አስተባብሮ፣ ሐዘንተኛ አጽናንቶ፣ ምንም ሳይቀበል ወደ ቤቱ ይገባልና። ይሁን እንጂ ቅሬው በሠፈር ውስጥ ነው፤ የምክር ቤት ስብሰባ ግን ሙሉ የሥራ ቀን ይወስዳል። በሰኞ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥ አንዲት የቀበሌ ምክር ቤት አባል አውቃለሁ። ስብሰባ ሰኞ ሲጠራ ሽንኩርቷን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ትሄድ ነበር፤ ማታ መቀነቷን ፈትታ ስትቆጥር የሳምንቱ የአስቤዛ ገንዘብ ጎድሎ ታገኘዋለች። አጠገቧ ተቀምጦ የዋለው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ግን አልተነካበትም። በሚቀጥለው ምርጫ በእጩነት ስትጠየቅ እምቢ ያለችው ሕዝቧን ጠልታ አይደለም። ክፍያ ሲቀር አብሮ የሚቀረው ድሃው ነው፤ ወንበሩን የሚይዘውም የግድ ቅን ሰው ሳይሆን ጊዜና ጥሪት ያለው ነው።

«ገንዘብ ፖለቲካን የተጠጋው በእኛ ዘመን ነው።» በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው በምርጫ ክልሉ ንብረት እንዲኖረው ይጠይቅ ነበር፤ መጠኑን የወሰነው የምርጫ ሕጉ ሲሆን፣ ቢያንስ የ1,000 ብር የማይንቀሳቀስ ወይም የ2,000 ብር የሚንቀሳቀስ ንብረት ነበር። በእንግሊዝም የሕዝብ እንደራሴዎች መደበኛ ደመወዝ ያገኙት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1911 ነው፤ መጠኑም በዓመት 400 ፓውንድ ነበር። ከዚያ በፊት ሠራተኛው እንደራሴ ሆኖ ለመቀመጥ የሠራተኛ ማኅበሩን መዋጮ መጠበቅ ነበረበት።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት የባሕርያችን ማስረጃ አድርገው የሚጠቅሱ አሉ። እኔ አልስማማም። በጉልት ሥርዓት ሹም ይተዳደር የነበረው በደመወዝ ሳይሆን ከገበሬው በሚሰበስበው ግብር ስለነበር፣ ተረቱ ከሰው ባሕርይ ይልቅ የሥርዓቱን አከፋፈል ይገልጻል።

«እንግዲያው ደመወዙ ከፍ ቢል ምርጥ ሰው ይመጣል።» ይህም ብቻውን አያስተማምንም። በ2009 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የአውሮፓ ፓርላማ አባላት ደመወዝ እኩል ሲደረግ፣ ቀድሞ ዝቅተኛ ይከፈላቸው ለነበሩት ጭማሪው ከፍተኛ ነበር። ጉዳዩን ያጠኑ ተመራማሪዎች ያገኙት ነባሮቹ በብዛት ዳግም መወዳደራቸውን እንጂ በትምህርት የላቁ አዳዲስ ሰዎች መምጣታቸውን አይደለም።

ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው ግን ደመወዝ የሚከፈለው ላሸነፈ ብቻ መሆኑ ነው። ወደ ደላንታና ወረኢሉ የገጠር ቀበሌዎች የሚደረገው ጉዞ፣ የቅስቀሳ ወረቀቱ፣ ከሥራ የሚቀርባቸው ሳምንታት ሁሉ ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ከራስ ኪስ የሚወጡ ናቸው። ስለዚህ ለእጩዎች በእኩልነት የሚሰጥ የመጓጓዣ ድጋፍና ደመወዝ ለሌላቸው አባላት የሚከፈል የውሎ አበል ከደመወዝ ጭማሪ ይቀድማል። ስብሰባን በገበያ ቀን አለመጥራት ደግሞ ምንም በጀት አይጠይቅም።