የተበላሸ የሉክስ ሄደር ጥገና

ሉክስ በሊኑክስ ላይ ሙሉ ዲስክ ወይም ፓርቲሽን ለመመስጠር በስፋት የሚሠራበት ሥርዓት ነው። ክሌመንስ ፍሩቪርት እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ሲሆን፣ ሁለተኛው ስሪት፣ ሉክስ 2፣ በ2017 መጨረሻ ከክሪፕትሴትአፕ 2.0 ጋር መጣ። ምስጠራውን ራሱን የሚሠራው በከርነሉ (በሊኑክስ እምብርት) ውስጥ ያለው ዲኤም-ክሪፕት ነው። ሉክስ የሚደነግገው ቁልፎቹ ዲስኩ ላይ የትና በምን መልክ እንደሚቀመጡ ሲሆን፣ ይህን ሁሉ ከተርሚናል የምናዝበት መሣሪያ ክሪፕትሴትአፕ ይባላል።

የቁልፍ መረጃው የሚቀመጠው በፓርቲሽኑ መጀመሪያ ላይ፣ ሄደር በሚባለው ክፍል ነው። በሉክስ 2 ለዚህ የሚመደበው ቦታ በነባሪ 16 ሜጋባይት ነው፤ ዲስኩ ብዙ ቴራባይት ቢሆንም ያው ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ የይለፍ ቃሉ ዳታውን በቀጥታ አይመሰጥርም። ዳታውን የሚመሰጥረው ዲስኩ ሲዘጋጅ በዘፈቀደ የሚፈጠር ዋና ቁልፍ ነው፤ የይለፍ ቃሉ የሚከፍተው ያ ዋና ቁልፍ ተመስጥሮ የተቀመጠበትን ስሎት ብቻ ነው። ስለዚህ ሄደሩ ከጠፋ የይለፍ ቃሉን ፊደል ሳይስቱ ማስታወስ ዲስኩን አይከፍተውም። በዚህ ምክንያት በጭንቀት ጊዜ ከሚሠሩ ስህተቶች ሁሉ የከፋው ዲስኩን በዚያው የይለፍ ቃል እንደ አዲስ ፎርማት ማድረግ ነው። የይለፍ ቃሉ አንድ ቢሆንም የሚፈጠረው ዋና ቁልፍ ሌላ ነው፤ የተረፉትም ስሎቶች በአዲሶቹ ይሸፈናሉ።

ሄደር የሚበላሽባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው። ሌላ ስርዓተ ክወና ሲጫን ጫኚው ዲስኩን ባዶ መስሎት አዲስ የፓርቲሽን ሠንጠረዥ ይጽፍበታል፤ ዳታን ባይት በባይት የሚቀዳው የዲዲ ትእዛዝ በተሳሳተ ዲስክ ላይ ይሰጣል፤ ወይም የዲስኩ የመጀመሪያ ሴክተሮች (ዲስኩ የሚከፋፈልባቸው ትናንሽ ክፍሎች) በእርጅና አይነበቡም። ይህ ሲከሰት ዲስኩ ገና ተከፍቶ ከሆነ ማሽኑን ማጥፋትም ሆነ ዳግም ማስነሳት አይገባም። ዋናው ቁልፍ አሁንም በከርነሉ ውስጥ አለ፣ ፋይሎቹም ይነበባሉ፤ ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ትቶ ዳታውን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ይቀድማል። በሉክስ 1 ዲኤምሴትአፕ የተባለው መሣሪያ ከርነሉ የያዘውን የዲስኩን ቅንብር ሠንጠረዥ ቁልፉን ጨምሮ እንዲያሳይ ሲታዘዝ ዋናውን ቁልፍ ያወጣዋል፤ በሉክስ 2 ግን ቁልፉ በነባሪ በከርነሉ የቁልፍ ማኅደር ስለሚያዝ አይታይም።

ዲስኩ ከተዘጋ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ የፓርቲሽኑን መነሻ 32 ሜጋባይት በዲዲ ወደ ፋይል መቅዳት ነው፤ ሴክተሮቹ የተጎዱ ከሆኑ ደግሞ የማይነበበውን እየዘለለ በሚቀዳው በዲዲሬስኪው። ከዚያ በኋላ ያለው ሙከራ ሁሉ በቅጂው ላይ ይሁን። ክሪፕትሴትአፕ ሄደሩን ከተለየ ፋይል አንብቦ ዲስኩን ለንባብ ብቻ መክፈት ስለሚችል፣ ጥገናው መሥራቱ ዲስኩ ላይ አንድ ባይት ሳይጻፍ ይረጋገጣል።

ቅጂውን ባይቶቹን አንድ በአንድ በሚያሳየው በሄክስደምፕ ሲከፍቱት ጤነኛ ሄደር በአራቱ የላቲን ፊደላት ኤል፣ ዩ፣ ኬ፣ ኤስ ይጀምራል፤ ሁለት ተጨማሪ ባይቶች ይከተሏቸዋል። ሉክስ 2 ሁለት ሄደሮችን ይጽፋል። ሁለተኛው በነባሪ 16,384ኛው ባይት ላይ ይጀምራል፣ ፊደላቱም ተገልብጠው ኤስ፣ ኬ፣ ዩ፣ ኤል ይሆናሉ። እያንዳንዱ 4,096 ባይት የሁለትዮሽ ክፍልና በጄሰን (መረጃን በተራ ጽሑፍ በሚያስቀምጥ ቅርጽ) የተጻፈ ዝርዝር አለው፤ ተራ ቁጥርና ይዘቱ አለመለወጡን የሚያሳይ የማረጋገጫ ድምርም ይይዛል። አንዱ ተበላሽቶ ሌላው ደህና ከሆነ ክሪፕትሴትአፕ በአብዛኛው ራሱ ያስተካክለዋል። የተበላሸው ቦታ ላይ የሌላ ነገር ምልክት፣ ለምሳሌ የፋይል ስርዓት፣ ካገኘ ግን ሳይጠየቅ አይነካውም፤ ያኔ ሪፔር የተባለውን የጥገና ትእዛዝ ሰጥቶ ማረጋገጥ የባለቤቱ ሥራ ነው።

ሁለት ሄደር መኖሩ ሁልጊዜ አያድንም። ዲስኩ ያለ ፓርቲሽን ሙሉ በሙሉ የተመሰጠረ ሆኖ ጂፒቲ የተባለው የፓርቲሽን ሠንጠረዥ ተጻፈበት እንበል። ጂፒቲ በመደበኛው መጠኑ የመጀመሪያዎቹን 34 ሴክተሮች ይይዛል፤ ሴክተሩ 512 ባይት ሲሆን ይህ 17,408 ባይት ነው። ሁለተኛው ሄደር የሚጀምረው በ16,384 ነውና የመጀመሪያዎቹ 1,024 ባይቶቹ አብረው ይጠፋሉ፤ በዚያ ክልል ውስጥ የፊደል ምልክቱም የማረጋገጫ ድምሩም ይገኛሉ። ሁለቱም ሄደሮች በአንድ ጊዜ ወደቁ ማለት ነው፤ ሪፔርም ከዚህ አያወጣም። ነገር ግን የሁለተኛው ሄደር ጄሰን ከ20,480 ስለሚጀምር ሳይነካ ይተርፋል። ለቁልፉ የሚያስፈልጉት ዝርዝሮች፣ ሶልቱም (ከይለፍ ቃሉ ጋር የሚቀላቀለው የዘፈቀደ ቁጥር) የስሎቶቹ አድራሻም፣ እዚያው ጄሰን ውስጥ ናቸው። የጠፋውን የሁለትዮሽ ክፍል እንደ አዲስ ሠርቶ፣ የማረጋገጫ ድምሩን ዳግም አስልቶ ከጄሰኑ ጋር ማዋሐድ ይቻላል። እውቀትና ትዕግሥት ይጠይቃል፤ በእኔ እምነት ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው ይህን ክፍተት ሳያይ ነው። ሴክተሩ 4,096 ባይት በሆነ ዲስክ ላይ ግን ሠንጠረዡ እስከ 24,576 ስለሚደርስ ጄሰኑንም ይነካዋል።

ሉክስ 1 እንዲህ ያለ መጠባበቂያ የለውም። ሄደሩ 592 ባይት ብቻ ነው፤ የስምንቱም ስሎቶች ሶልት በዚያ ውስጥ ነው። ሪፔር በሉክስ 1 የሚያስተካክለው የስሎቶቹን ምልክትና አድራሻ ነው፤ ሶልቱ ከተደመሰሰ በዘፈቀደ የተፈጠረ ቁጥር ስለሆነ መልሶ የሚፈጥረው የለም።

በሁለቱም ስሪቶች መጠባበቂያ የሌላቸው ስሎቶቹ ናቸው። አንድ ባለ 64 ባይት ቁልፍ በ4,000 ክፍል ተበትኖ 256,000 ባይት ላይ ይቀመጣል። አበታተኑ ሆን ተብሎ ከእነዚህ ባይቶች አንዱ እንኳ ቢለወጥ ቁልፉ እንዳይገኝ ተደርጎ ተነድፏል። ዓላማው ባለቤቱ ቁልፉን ሲያጠፋ በትክክል እንዲጠፋ ነው፤ ዲስኮች የተጎዳ ሴክተርን በስውር ወደ ሌላ ቦታ ስለሚያዛውሩ አንድ ቅሪት ሊተርፍ ይችላልና። ያው ጥበቃ በአደጋ ጊዜ ባለቤቱን ይጎዳል፤ ስሎቱ ውስጥ ትንሽ ነገር ቢጻፍ የዚያ ስሎት የይለፍ ቃል ዋጋ አይኖረውም። በክሪፕትሴትአፕ ምንጭ ኮድ ውስጥ ለሉክስ 1 የተሠራ የስሎት መፈተሻ አለ፤ በስሎቱ ውስጥ ዘፈቀደ የማይመስል ክፍል ሲያገኝ አድራሻውን ያሳያል። ጉዳቱን ያሳያል እንጂ አያክመውም። ሌላ ስሎት ላይ የተመዘገበ ሁለተኛ የይለፍ ቃል ካለ፣ ያ ስሎት እስካልተነካ ድረስ ዲስኩ ይከፈታል።

ይህን ሁሉ ድካም የሚያስቀረው የሄደር ባክአፕ ነው። ክሪፕትሴትአፕ ሉክስ-ሄደር-ባክአፕ በሚባል አንድ ትእዛዝ ሄደሩን ከነስሎቶቹ ወደ ፋይል ይቀዳል፤ ሉክስ-ሄደር-ሪስቶር ይመልሰዋል። ከመመለሱ በፊት ባክአፑ የዚሁ ዲስክ መሆኑን በዩዩአይዲው (በመለያ ቁጥሩ) ማመሳከር፣ ከዚያም ከፋይሉ በቀጥታ ከፍቶ መፈተን ይገባል፤ ዲስኩ እንደገና ተመስጥሮ ከነበረ የድሮው ባክአፕ አይረዳም። ፋይሉ በዚያው ዲስክ ላይ መቀመጥ የለበትም። አንድ አደጋም አለው፦ ባክአፑ በተወሰደበት ቀን ይሠራ በነበረው የይለፍ ቃል የሚከፈተውን ስሎት ይይዛል። የይለፍ ቃሉ ለሌላ ሰው ደርሶ ከዲስኩ ላይ ቢቀየርም፣ የድሮውን ባክአፕ ያገኘ ሰው በድሮው የይለፍ ቃል ዲስኩን ይከፍተዋል፤ ስለዚህ የይለፍ ቃል በተቀየረ ቁጥር አሮጌው ባክአፕ ተደምስሶ አዲስ ይወሰዳል።